ትንፋሽ ላጠራቸው አዛውንት ስትጠሩ፦ ከበሩ እስከ ርክክቡ

አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብዙ ጊዜ አይጮኹም። አቅሙ የላቸውም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ጥለው ይጠብቋችኋል።

ይህን የጻፍኩት በአምቡላንስ ለምትሠሩ፣ በተለይ ለጀማሪዎች ነው። አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው ቢያነበውም ደስ ይለኛል። እኛ እስክንደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ስንደርስም የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የአዛውንት ምልክት ድብቅ ነው። የሳንባ ምች ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ኸርት አታክ ደርሶባቸው ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል። ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ እየተጨነቁም የልብ ምታቸው ላይፈጥን ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ቁጥር በፊት ሰውየውን እዩ። ከዚያ "ትናንት እንዴት ነበሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ነገር የሚገኘው እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ነው።

የመድኃኒት መጠኖችን ለአዋቂ በተለመደው ልክ ነው የጻፍኩት። የምትሠሩበት ፕሮቶኮልና የተፈቀደላችሁ የሥራ ደረጃ ግን ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

1. መንገድ ላይ ሳላችሁ ሥራ ተከፋፈሉ

ማን ምን እንደሚሠራ መኪና ውስጥ ተነጋገሩ። አንዱ ከታማሚው ጋር ያወራል፣ ይመረምራል። ሌላው ኦክስጅኑን፣ ሞኒተሩንና የደም ግፊቱን ይይዛል። ቤት ከገባችሁ በኋላ "አንተ ያዝ፣ አንቺ ያዢ" ስትባባሉ የሚባክነው ጊዜ የታማሚው ነው።

ሲሊንደሩን ከመውረዳችሁ በፊት እዩት። 340 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር ሙሉ ሆኖ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጥበት የሚቆየው 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ግማሽ ከሆነ 11 ደቂቃ። ይህን ሂሳብ ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ከመሥራት ታች ሆናችሁ ሥሩት።

ይዛችሁ የምትገቡት ኦክስጅን ከነማስኮቹ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት)፣ ሳክሽን (ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚስብ)፣ ኔቡላይዘር (መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍስ)፣ ሞኒተር፣ የመድኃኒት ቦርሳ እና የመሸከሚያ ወንበር ነው። ወንበሩን "ካስፈለገ ተመልሰን እናመጣዋለን" ብላችሁ አትተዉት። ያስፈልጋል።

2. ከበሩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቆም በሉ

መጀመሪያ ለራሳችሁ። የጭስ ወይም የጋዝ ሽታ አለ? በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሏል? ጄኔሬተር ይሠራል? ሌላ የቤቱ ሰውም ራሱን አሞታል? እንዲህ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሁሉም ሰው ይውጣ። በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም በከሰሉና በጄኔሬተሩ ጭስ ውስጥ ባለው መርዝ፣ የተመረዘ ሰው ጣት ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅንን በጣት የሚለካው መሣሪያ) 99 ሊያሳይ ይችላል። ተራው መሣሪያ ኦክስጅኑን ከመርዙ አይለይም።

ከዚያ ወደ ታማሚው እየተራመዳችሁ እዩ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እጃቸውን የተከሉ ሰው ያላቸውን ጡንቻ ሁሉ ለትንፋሽ እያዋሉት ነው። አንገታቸውን ተመልከቱ፤ ጡንቻው እንደ ገመድ ይወጠራል? ከአንገት ሥር ያለው ጎድጓዳና በጎድን አጥንቶች መሀል ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይገባል? ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋቸዋል? ከንፈራቸውስ? ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ የኦክስጅን እጥረት ፊት ላይ ቶሎ አይታይም። የከንፈርን ውስጠኛ ክፍልና ምላስን እዩ።

አሁን ሰላም በሏቸው። ሲመልሱ ቃል ቁጠሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ለማሰብ ጊዜ አላችሁ። ሦስት አራት ቃል ብለው አየር ከሳቡ ነገሩ ከባድ ነው። አንድ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ወይም ራሳቸውን ብቻ ከነቀነቁ፣ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው። ተጨማሪ ሰው የምትጠሩ ከሆነ አሁን ጥሩ። ይህች የቃል ቆጠራ ምንም መሣሪያ አትጠይቅም፤ ከሕክምናው በኋላም መሻሻሉን የምትለኩት በእሷ ነው።

ምግብ ላይ ሳሉ ድንገት የጀመራቸው ከሆነና መሳልም መናገርም ካልቻሉ፣ ትንታ ነው። ሌላውን ሁሉ ተዉት። ወደ ፊት እንዲያጎነብሱ ደግፏቸው፣ በትከሻ አጥንቶቻቸው መሀል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላ ሆናችሁ ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ሆዳቸውን 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ። እስኪወጣ ወይም ራሳቸውን እስኪስቱ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ወለል ላይ አስተኝታችሁ የደረት ግፊት ጀምሩ።

3. ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው

በጀርባቸው አታስተኟቸው። ሳንባው ውሃ የቋጠረበት ሰው ጠፍጣፋ ሲተኛ ልቡ እዚያው ሊቆም ይችላል። ዘመድ "ትንሽ ይረፉ" ብሎ ሊያጋድማቸው ይሞክራል፤ በፍቅር ነው፣ ግን አስቁሙት። አልጋ ጫፍ ላይ ወይም ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው ወደ ታች ይንጠልጠል። እግር ሲንጠለጠል ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ለደከመ ልብ ደግሞ ይህ ራሱ እፎይታ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን አይቀመጥም፤ እሱን አስተኝታችሁ የአየር መንገዱን ትከፍታላችሁ።

4. ኦክስጅን፦ በልክ

ኦክስጅን መድኃኒት ነው። ለአብዛኛው ታማሚ የምትፈልጉት ሳቹሬሽን (ፐልስ ኦክሲሜትሩ የሚያሳየው የደም ኦክስጅን በመቶኛ) ከ94 እስከ 98 ነው። 100 ላይ ማድረስ ግብ አይደለም።

ለረጅም ዓመት ያጨሱ ወይም ጭስ የተነፈሱ፣ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይለያሉ። ለእነሱ ከ88 እስከ 92 ይበቃል። ከዚያ በላይ ኦክስጅን ሲሞላባቸው ደማቸው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ይፈዛሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ በመጨረሻ መተንፈሱን ራሱ ይተዉታል። 28 በመቶ የሚሰጠው ቬንቹሪ ማስክ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ። ከሌላችሁ ናዛል ካኑላ (አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በደቂቃ 1 ወይም 2 ሊትር።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጀማሪ ሲሳሳት አይቻለሁ። "ሲኦፒዲ ናቸው" የሚል ቃል ሰምቶ፣ ሳቹሬሽናቸው 75 ሆኖ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ 2 ሊትር ሰጥቶ ቁጭ ይላል። አይሆንም! ቶሎ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረቱ ነው። ሊያልፉ የደረሱ ሰው ላይ ሪዘርቨር ማስክ (ከረጢት ያለው የኦክስጅን ማስክ) አድርጉ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ክፈቱ። ማስኩ ፊታቸው ላይ ከመደረጉ በፊት ከረጢቱ በኦክስጅን ይሞላ። ሳቹሬሽኑ ሲነሳ ቀስ እያላችሁ ቀንሱና የራሳቸው ክልል ውስጥ አቆዩአቸው። ቁም ነገሩ ከጀመራችሁ በኋላ ዓይናችሁን ከቁጥሩ አለመንቀል ነው።

ስለ ቁጥሩ ካነሳን፣ ፐልስ ኦክሲሜትርን አትመኑት፣ መርምሩት። የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ዝቅ ያለ የደም ግፊት ሁሉም ያሳስቱታል። ጣቱን አሙቁ፣ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው አዛውንት ሳቹሬሽን 93 ሲያሳይና ሰውየው ሲያለከልኩ፣ የምታምኑት የሚያለከልኩትን ሰው ነው።

5. ጠይቁ፣ ግን አታናግሯቸው

ትንፋሽ ላጠረው ሰው እያንዳንዱ ቃል ዋጋ ያስከፍለዋል። ተንበርክካችሁ ፊታቸው ትይዩ ሁኑ። "እማማ፣ አይናገሩ፤ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልኝ። ደረትዎን ያምዎታል?" በሉ። አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ብቻ። ጮክ ብላችሁ አትጩኹባቸው፤ የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ጆሯቸው ላይ መሆኑን እዩ። ማስክ ስትጭኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አየር ያጣ ሰው ፊቱ ላይ ድንገት ፕላስቲክ ሲመጣ የታፈነ ይመስለዋል፣ ይታገላል። መጀመሪያ በእጃቸው አስይዟቸውና ራሳቸው ፊታቸው ላይ ያድርጉት።

ረጅሙን ታሪክ ዘመድ ይንገራችሁ። በትክክል ስንት ሰዓት ጀመራቸው? በደቂቃ ውስጥ ነው ወይስ ሁለት ሦስት ቀን ሲብስ ነበር? ባለፈው እንዲህ ሆነው ያውቃሉ፣ ያኔ ምን ተባሉ? ስንት ትራስ ተደርቦ ነው የሚተኙት? እግራቸው አብጧል? አክታው ምን ይመስላል? የኩላሊት እጥበት አላቸው፣ ቀጠሮ አልፏቸዋል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና፣ ስብራት ወይም ረጅም ቀናት አልጋ ላይ መዋል ነበር?

ከዚያ "ትናንት እንዴት ነበሩ?" ትናንት ደረጃ ወጥተው የገቡ ሰው ዛሬ መጸዳጃ ቤት መድረስ ካቃታቸው ትልቅ ለውጥ ነው። ሁሌም ሁለት ቃል ብለው የሚያርፉ የሳንባ ታማሚ ደግሞ ዛሬም ሁለት ቃል ቢሉ ያን ያህል አያስደነግጥም። አእምሯቸውንም እንዲሁ ጠይቁ። "ድሮም ይረሳሉ" እና "ከጠዋት ጀምሮ ይቃዣሉ" በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የኦክስጅን እጥረት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

የመድኃኒት ፌስታሉን አስመጡ። የላሲክስ (ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት) ሽፋን ካያችሁ ልብ ወይም ኩላሊት አስቡ። ኢንሄለር ካለ ሳንባ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ካለ የረጋ ደም ወይም የተዛባ የልብ ምት። ያልተነኩ ኪኒኖችንም ቁጠሩ፤ መድኃኒት አልቆ ወይም ተረስቶ ሳምንት ያለፈበት ቤት ብዙ ነው።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። በጠና የታመሙና ስለ መጨረሻ ሕክምናቸው ፍላጎታቸውን በጽሑፍ ያስቀመጡ ሰው ከሆኑ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ በቀስታ ጠይቁ። ልብ ከቆመ በኋላ መጠየቅ ለቤተሰቡም ለእናንተም ጭካኔ ነው።

6. ለኩ

ትንፋሻቸውን ቁጠሩ፣ አትገምቱ። እጃቸውን እንደ ልብ ምት የምትለኩ መስላችሁ ይዛችሁ፣ ደረታቸውን እያያችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ። የአዋቂ ልክ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ እጃችሁ አምቡ ባግ ላይ ይሁን።

የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የደም ስኳር። ስኳሩን አትዝለሉት። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ደማቸው አሲድ የሆነባቸው ሰዎች በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳሉ፤ ሳንባቸው ግን ንጹሕ ነው። ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያሳየው ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሳ፣ ደረት ባያማቸውም። በአዛውንት፣ በስኳር ታማሚና በሴቶች ላይ የልብ አደጋ በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። ኢሲጂው ላይ አደጋ ካያችሁ፣ አለርጂ ወይም የሚፈስ ደም ከሌለ፣ 300 ሚሊግራም አስፕሪን ያኝኩ።

7. ልብ ነው ወይስ ሳንባ?

በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ አዛውንት ሁለቱም አለባቸው። ማዳመጫችሁን ከጀርባ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ ግራና ቀኝ እያነጻጸራችሁ አዳምጡ። ልብስ ላይ አይደለም፣ ቆዳ ላይ።

የልብ ድካም ተባብሶ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር፣ ከሥር በኩል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ትሰማላችሁ። ፀጉራችሁን ጆሯችሁ አጠገብ በጣት ብታሹት የሚሰማው ዓይነት ነው። ታማሚው ብዙ ጊዜ ከእንቅልፋቸው አየር አጥተው ነው የሚነሱት። የደም ግፊታቸው ሰማይ ነክቷል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ሲብስ ሮዝ ቀለም ያለው አረፋ ይወጣቸዋል። እዚህ ላይ ፈጥኖ የሚያግዘው ደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሮግሊሰሪን ነው። ከምላስ ሥር 0.4 ሚሊግራም፣ የላይኛው ግፊት ከ110 በላይ እስከሆነ ድረስ በየ5 ደቂቃው ይደገማል። በየመሀሉ ግፊት ለኩ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን የወሲብ አቅም መድኃኒት መውሰዳቸውን ጠይቁ። ሲልዴናፊል ከሆነ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይሰጥም፣ ግፊቱ ሊዘቅጥ ይችላልና። አዛውንት ናቸው ብላችሁ ጥያቄውን አትለፉት። ልጆቻቸው ፊትም አትጠይቁ፤ ጠጋ ብላችሁ በጆሯቸው።

ሲፓፕ (በጠባብ ማስክ አየርን በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ካላችሁ አሁን ነው ቦታው። በ5 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ጀምሩ፣ ከለመዱት እስከ 10 ከፍ አድርጉ። ራሳቸውን ለሚስቱ፣ ለሚያስመልሳቸው፣ ግፊታቸው ለወደቀ ወይም ሳንባቸው የተቀደደ ለሚመስል ሰው አይሆንም። ፉሮሴማይድ (ላሲክስ ማለት ነው) 40 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ይሁንና ሥራው ጊዜ ይወስዳል። እሱን ሰጥታችሁ ሌላውን አትርሱት።

አስም ወይም ሲኦፒዲ ሲነሳ ድምፁ ሌላ ነው። አየር ሲያወጡ ሲር ሲር የሚል ፉጨት ይሰማል፣ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይረዝማል። የአየር ቱቦን የሚከፍተው ሳልቡታሞል 5 ሚሊግራም በኔቡላይዘር፣ ከባድ ከሆነ ኢፕራትሮፒየም 0.5 ሚሊግራም ጨምሩበት። ኔቡላይዘሩን የሚነፋው ኦክስጅን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ስለሆነ፣ ለሲኦፒዲ ታማሚ በአንድ ጊዜ ከ6 ደቂቃ አታስበልጡት። ከዚያ ወደ ልካቸው መልሷቸው። ስቴሮይድም በጊዜ ይሰጥ፤ ውጤቱ ሰዓታት ስለሚፈጅ ቀድሞ የተሰጠው ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። የልብ ድካምም ያፏጫል። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ቱቦዎቹ ሲያብጡ ልክ እንደ አስም ሲር ሲር ይላል። ስለዚህ ፉጨት ስትሰሙ ወዲያው "አስም" አትበሉ። አስም ኖሯቸው የማያውቁ የ78 ዓመት ሰው ዛሬ ሌሊት አስም ጀመራቸው ማለት ከባድ ነው። ግፊታቸውን፣ እግራቸውን፣ የአንገታቸውን ደም ሥር፣ የትራሱን ብዛት አንድ ላይ አስቡ። ካፕኖግራፊ (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ) ያለው ሞኒተር ካላችሁ ሞገዱን እዩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ሳጥን ከሆነ ቱቦው ክፍት ነው። እንደ ሻርክ ክንፍ ከተጋደመ ቱቦው ጠቧል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቁጥር በጤናማ ሰው ከ35 እስከ 45 ነው፤ ከዚያ በላይ እየወጣ ከሄደ እየደከሙ ነው።

ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ሳቹሬሽኑ ዝቅ ካለስ? ድንገት ከጀመራቸው፣ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ የሚወጋቸው ከሆነ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ በቅርቡ አልጋ ላይ ውለው ከሆነ፣ በሳንባ የደም ሥር የረጋ ደም አስቡ። ቤት ውስጥ የምታደርጉት ብዙ የለም። ኦክስጅን፣ የደም ሥር መስመር፣ ፍጥነት።

በአንድ በኩል አየር የማይሰማ ከሆነ፣ ግፊት እየወረደ ከሆነና የአንገት ደም ሥር ከተወጠረ፣ ደረት ውስጥ አየር ታምቋል። በመርፌ የማውጣት ሥልጠና ያለው ሰው ጊዜ አያባክን። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠትና የቅርብ ጊዜ መድኃኒት ወይም ምግብ ካለ አለርጂ ነው፤ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ጭን ጡንቻ ላይ፣ ካልተሻላቸው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገም። ዕድሜ ይህን መርፌ አያስከለክልም።

የሳንባ ምችን በተመለከተ ትኩሳት አትጠብቁ። በአንድ በኩል የሚንኮሻኮሽ ሳንባ፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ አዲስ መቃዠት፣ ለሁለት ቀን ምግብ መተው ይበቃችኋል። "ምግብ እምቢ አሉ" የሚለውን የቤተሰብ ቃል አቅልላችሁ አትስሙት።

ልብ ይሁን ሳንባ መለየት ካቃታችሁ፣ ቀና አቀማመጥና ልኩን የጠበቀ ኦክስጅን ለሁሉም ይሆናል። ናይትሮግሊሰሪን ለወረደ ግፊት፣ ብዙ ፈሳሽ ለደከመ ልብ ጉዳት ነው። ሳልቡታሞል የልብ ምት ያፈጥናል፣ ለደከመ ልብ አይስማማም፤ ግን በእርግጥ ፉጨት ካለና ካላወቃችሁ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ውጤቱን ማየት ተገቢ ነው።

8. ዝም ሲሉ ተጠንቀቁ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ጋ ደረስን። ስንገባ ያለከልኩ ነበር፣ በደቂቃ 36። ኔቡላይዘር አደረግንላቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንፋሻቸው 18 ሆነ፣ ፉጨቱም ጠፋ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተኙ" አለች። እኔም ደስ አለኝ። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ባልደረባዬ ግን አምቡ ባጉን አነሳ።

ተኝተው አልነበረም። ደክመው ነበር። ፉጨቱ የጠፋው ቱቦው ተከፍቶ ሳይሆን አየር መንቀሳቀሱን ትቶ ነው። እኒያ እናት ተርፈዋል፤ እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ቁጥር እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። የተሻላቸው ሰው ሲተኛ ስትጠሩት ዓይኑን ይገልጣል፣ ይመልሳል፣ ቃሉ ይረዝማል። የደከመው ሰው አይመልስም። በየሁለት ሦስት ደቂቃው ስማቸውን ጥሩ፣ አንድ ነገር አስብሏቸው።

አምቡ ባግ ከያዛችሁ አትጣደፉ። በየ6 ሰከንዱ አንዴ፣ ደረት ከፍ እስኪል ብቻ። ሁለት ሰው ብትሆኑ ይሻላል፤ አንዱ ማስኩን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አጥብቆ ከያዘ አታውጡት፤ ጉንጫቸው ሞልቶ ማስኩ ይገጥማል። ከላላ ግን አውጡት። አስም ወይም ሲኦፒዲ ያለባቸው ከሆነ አየሩ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ የበለጠ አዝግሙ። ግፊታቸው ድንገት ከወደቀ ባጉን ንቀሉና አየሩ እንዲወጣ ጠብቁ።

9. አይራመዱ

"እስከ መኪናው በእግሬ እሄዳለሁ" ይሏችኋል። አዛውንት ሰው ማስቸገር አይወዱም። አትፍቀዱ። አሥር እርምጃና ጥቂት ደረጃ የተረጋጋ የመሰለውን ልብ ሊያቆም ይችላል። በወንበር ተሸከሙ፣ ኦክስጅኑ አብሮ ይሂድ። መኪና ውስጥም ስትሬቸሩ ጀርባው ቀጥ ይበል።

ቤት ውስጥ ምን ያህል እንቆይ? እንደ እኔ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው ትንፋሽን የሚያስቀጥለው ብቻ ነው። አቀማመጥ፣ ኦክስጅን፣ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኢሲጂ። የደም ሥር መስመር መንገድ ላይ ይያዛል፤ አንዴ ሞክራችሁ ካልተገኘ አትጨቃጨቁበት። ሁለት ቃል መናገር ያቃታቸውን ሰው ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ለሆስፒታሉ ደውሉ። ዕድሜ፣ የጀመረበት ሰዓት፣ ሳቹሬሽን በምን ያህል ኦክስጅን፣ የሰጣችሁት፣ የምትደርሱበት ደቂቃ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይምጣ፣ ከተቻለ መድኃኒታቸውን የሚያውቀው።

10. ርክክብ

ለሐኪሙ መጀመሪያ ያያችሁትን ንገሩት፦ "ስንገባ አንድ ቃል ነበር የሚናገሩት፣ ሳቹሬሽን 79 ያለ ኦክስጅን፤ አሁን አምስት ቃል፣ 91 በ28 በመቶ ማስክ።" እሱ የሚያየው የተሻሻሉትን ሰው ነው፤ ከየት እንደተነሱ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ትናንት እንዴት እንደነበሩም ጨምሩ። ያለ ኦክስጅን የተነበበውን የመጀመሪያ ቁጥርና የእያንዳንዱን መድኃኒት ሰዓት ጻፉ።

የመድኃኒት ፌስታሉ፣ መነጽሩ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱና የመስሚያ መሣሪያው ከእሳቸው ጋር መቅረታቸውን እዩ። ስትሬቸራችሁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ጆሯቸው ጠጋ በሉና የት እንዳሉ፣ ልጃቸው ውጭ እየጠበቀች መሆኗን፣ አሁን የሚያዩአቸው ሐኪም ማን እንደሆኑ ንገሯቸው።